«መገናኛ አካባቢ» ማለት የት ነው?

አደገኛ መስቀለኛ መንገድን የመለየት ሥራ የሚጀምረው ትራፊክ ፖሊሱ ከሚሞላው የአደጋ ቅጽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለደረሰ አደጋ ቅጹ ላይ «መገናኛ አካባቢ» ተብሎ ከተጻፈ መሐንዲሱ የትኛውን ዜብራ ያስተካክል? ቀለበት መንገዱም፣ የባቡሩ ሐዲድ ሥርም፣ ታክሲ ተራውም ሁሉም መገናኛ ነው። ስማርት ስልክ ሁሉ ጂፒኤስ ባለበት ዘመን የቦታውን ሁለት ቁጥሮች (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ቅጹ ላይ ማስፈር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ከተሟላ ከመጋጠሚያው መሀል እስከ 50 ሜትር ድረስ የደረሰውን አደጋ ሁሉ መሰብሰብ ይቻላል።

የአንድ ዓመት ቁጥር ግን ያሳስታል። ዘንድሮ በአጋጣሚ አደጋ የበዛበት ቦታ ምንም ሳይደረግለት በዓመቱ ሊቀንስ ይችላል፤ እኛም «የቀባነው ቀለም ሠራ» እንላለን። ቢያንስ የ3 ዓመት፣ ከተቻለም የ5 ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል። መኪኖች ተፋፍገው ቆርቆሮ ብቻ የሚጫጫሩበት ቦታ ሰው ከሚሞትበት ቀድሞ መሰለፍም የለበትም። ሞትና ከባድ ጉዳት ትልቅ ክብደት ይሰጣቸው።

ከዚያ ቦታው ድረስ ሄዶ መቆም ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓትም፣ ከመሸም በኋላ። ሚኒባስ ዜብራው አፍ ላይ ቆሞ ሰው ያወርዳል። የወረደው ሰው በመኪናው ፊት ዞሮ ሲሻገር በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው ሹፌር አያየውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር አይቶ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም በደረቅ አስፋልት 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በ30 ቢሆን 13 ሜትር ይበቃው ነበር። እንዲህ ያለውን ለጥቂት የተረፈ ግጭት እየቆጠሩ መመዝገብ ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ ያድናል።

የእግረኛው መብራትም በሰዓት ይለካ። 14 ሜትር መንገድ በሴኮንድ 1.2 ሜትር ለሚራመድ ሰው 12 ሴኮንድ ይፈጃል። አረንጓዴው 8 ሴኮንድ ብቻ ከሆነ እንዲህ የሚራመደውም መሀል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዘንቢል የያዘች እናትማ ገና ግማሹን ብትሻገር ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሰዓቱን ማርዘም ወይም መሀል ላይ ማረፊያ መሥራት ነው። መታጠፊያው ሰፊ ሆኖ መኪና ሳይቀንስ የሚጠመዘዝበት ከሆነ ማዕዘኑን ማጥበብ፣ ታክሲ ማቆሚያውን ደግሞ መኪናው ዜብራውን አልፎ ወደሚቆምበት ቦታ ማዛወር ያስፈልጋል።

በየዓመቱ የአደገኞቹ መስቀለኛ መንገዶች ዝርዝር ከነትክክለኛ ቦታቸው፣ አምና ከተደረገላቸው ጥገና ጋር ለሕዝብ ይውጣ።