ለአንድ ወፍ ስንት ሊትር?

«ለአንድ ወፍ ይህን ሁሉ ቤንዚን?» ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ አሜሪካ ውስጥ ተርኪ ስለሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ አደን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እውነትም የዋዛ ጥያቄ አይደለም።

እሱ በሚያውቀው መንገድ እናስላው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 80 ማይል ነው። ከዋሽንግተን ዙሪያ ተነስቶ ያን ያህል ርቆ ጫካ የሚገባ አዳኝ ደርሶ መልስ 160 ማይል ይነዳል። በጋሎን 20 ማይል የምትሄድ ፒክአፕ 8 ጋሎን፣ 30 ሊትር ትጠጣለች። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብንይዘው 28 ዶላር መጣ። ተርኪ በአንድ ቀን እጅ አይሰጥም፤ ሦስቴ ከተመላለሱ 84 ዶላር። አውራው 8 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ላባው፣ ሆድ ዕቃውና አጥንቱ ሲወጣ የሚተርፈው 3 ኪሎ ሥጋ ቢሆን ነው። በኪሎ 28 ዶላር! ፈቃዱና ጥይቱ ገና አልተቆጠሩም።

እዚያ በሚያድነው በእኛ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። የጸደዩ አደን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ነው። ተመትቶ ቢላ ሳይደርስለት የሞተ፣ ያልተባረከ ወፍ የማይበላም ብዙ ነው። ሥጋው ለጎረቤት ሲሄድ ሒሳቡ የደስታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ደስታውን የሚያበላሸው ርቀቱ ሳይሆን ፍለጋው ነው። ጠዋት ከጫካ ጫካ በመኪና እየዞረ የአውራውን ጩኸት የሚያዳምጥ ሰው ነዳጁንም ሰዓቱንም ይጨርሳል፤ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በወቅቱ መጀመሪያ ከቀትር በኋላ መተኮስ አይፈቀድም። የሚያዋጣው ዋዜማውን ሄዶ ወፎቹ የሚያድሩበትን ዛፍ ለይቶ እዚያው አካባቢ ማደር ነው፤ ሁለት ጉዞ አንድ ይሆናል። ሁለት ሰው ከተጋራ ደግሞ ወጪው በግማሽ ይወርዳል። ሳይነጋ ከዛፉ 100 ሜትር ግድም ርቆ፣ ከትከሻ የሚሰፋ ግንድ ተደግፎ መቀመጥ ነው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አይለበስም፤ የአውራው ራስ ቀለም ስለሆነ ሌላ አዳኝ ሊተኩስ ይችላል። አውራውን ለመጥራት የእንስቷን ድምፅ የምታወጣው የእንጨት ሳጥን ጠመኔ ትቀባለች፤ ከራሰች አትጮኽም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥሪ በማብዛት ነው። በተፈጥሮ ወደ አውራው የምትሄደው እንስቷ ናትና፣ አብዝተው ከጠሩት «እየመጣች ነው» ብሎ ባለበት ይቆማል። ከ35 ሜትር በላይ ርቆ መተኮስ ማቁሰል ነው።

ሰሜን ሸዋ ላይ ጅግራና ቆቅ የእግር ነገር ናቸው፤ ማሳ ዳር ሲለቅሙ የሚያያቸው እረኛ ነው፣ ሊትር የሚቆጥር የለም። ነዳጁ የሚነደው ሌላ ቦታ ነው። ሰርግ ሲሆን የአጃቢ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከተማውን ሲዞር «በኪሎ ስንት መጣ?» የሚል አይሰማም። መንዝ ጓሳ ድረስ ሄዶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚያየውም፣ አደን ክልክል ነውና፣ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው። ማንም ኪሳራ አይለውም።

የነዳጅ ቁጠባ ነገር የሚነሳው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ሲወረድ ነው። አንዳንድ ሾፌር ነዳጅ ለማትረፍ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ ይለቀዋል። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ግን በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ማርሹ ነጻ ሲሆን ነው ላለመጥፋት የሚጠጣው። ከዚያ በላይ ደግሞ ክብደቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ያርፍና ሸራው ይግላል።