ንድፉ ሳያልቅ የሚጠየቅ ሕዝብ

በምኖርበት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ የሴንት ፖልን ከተማ ሰንጥቆ የሚያልፈውን ኢንተርስቴት 94 የተባለ አውራ ጎዳና ለማሻሻል የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነዋሪውን ማነጋገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላም ገና አማራጮች ይነጻጸሩ ነበር። ይህን ለድሬ ዳዋ ወዳጆቼ ስነግራቸው «በስምንት ዓመትማ እኛ ከተማ እንሠራለን፣ አቦ!» እያሉ ይስቁብኛል። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድና መብራት በአጭር ጊዜ ሲዘረጋ ያየ ሰው በፈረንጅ ዝግመት ቢስቅ አይፈረድበትም።

ዝግመቱ ግን ከጨዋነት የመጣ ሳይሆን የዕዳ ውጤት ነው። ይኸው ጎዳና እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1968 ሲሠራ ሮንዶ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ለሁለት ከፍሎ አለፈ፤ ወደ 600 የሚጠጉ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ፣ የሰፈሩ ሱቆችም ተበተኑ። የከተማዋ ከንቲባና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በይፋ ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ያኔ አባወራ ከነበሩት ብዙዎቹ በሕይወት በሌሉበት ጊዜ ነው።

ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት እንዲህ ነው። የፌዴራል ገንዘብ ያለበት ትልቅ የመንገድ ሥራ ሲታሰብ፣ «ምንም አለመሥራት» የሚለው ጭምር እንደ አንድ አማራጭ ተቆጥሮ ይጠናል፤ ረቂቅ ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ ይደረግና አስተያየት መቀበያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ይህም ለረጅም ዓመታት ቢያንስ 45 ቀን ሆኖ ቆይቷል። በስብሰባው ላይ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰው ቅር ባለው ቦታ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፍበታል። እኔን ይበልጥ የሚያስቀናኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ለቀረበው አስተያየት «ተቀብለነዋል» ወይም «በዚህ ምክንያት አልተቀበልነውም» የሚል መልስ ተጽፎ ከመጨረሻው ሰነድ ጋር ይታተማል። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። አዳራሹን የሚሞሉት በአብዛኛው ጡረተኞችና የቤት ባለቤቶች ናቸው፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው የአገሬ ልጅ በዚያ ሰዓት ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ ተኝቷል።

አገር ቤት ስብሰባ ጠፍቶ አይደለም፤ ምናልባት ከነሱም ሳይበዛ አይቀርም። በምሥራቁ ክፍል ባለች አንዲት ከተማ ጉሊት የምትቸረችር ዘመዴ ለመንገድ ሥራ «ውይይት» ተጠርታ ስትሄድ፣ ያለቀለት ንድፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የመነሻው ቀን ተነገራት። እጇን አውጥታ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አላየችውም። ሕጉ ግን የሚለው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣም ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያዩ አዝዞ ነበር፤ ለአስቸኳይ ልማት ግን ጊዜው ሊያጥር እንደሚችል ጨምሮ። በእኛ አገር ደግሞ አስቸኳይ ያልሆነ ልማት ገጥሞኝ አያውቅም።

ሕዝብን መጠየቅ ሥራ ያጓትታል የሚለው ክርክር ከድሬ ዳዋ ሐረር ባለው መንገድ ላይ ቢፈተሽ ጥሩ ነው። መንገዱ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣና፣ በጭሮና በቁልቢ በኩል ከሚመጣው የአዲስ አበባ መንገድ ጋር ተገናኝቶ፣ በአደሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። በአንድ ተራ ሳምንት መኪና ቆጥሮ የሚሄድ መሐንዲስ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል በዚያ መስመር የሚፈሰውን ሕዝብ በቆጠራው ውስጥ አያገኘውም። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ከመንገዱ የሚለይ ነገር አይደለም፤ ገበያተኛው፣ ጫኙና አይሱዙው አንድ አስፋልት ይሻማሉ፤ መሐሉን በአጥር መክፈል በወረቀት ላይ ደኅንነት ሲሆን፣ ለሰዉ በየዕለቱ አጥር መዝለል ሊሆን ይችላል። ሐረማያ አካባቢ ድንችና ካሮት ይዛ አስፋልት ዳር የምትቆመው ሴት መኪና የት እንደሚቆም፣ ተማሪ የት እንደሚሻገር፣ ክረምት ሲገባ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ታውቃለች። ድሬ ዳዋ ይህን ዕውቀት የምትንቅ ከተማ ልትሆን አትችልም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ መስሎ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶባታል።

ስለዚህ የሴንት ፖልን ስምንት ዓመት ለድሬ ዳዋ አልመኝላትም። ረቂቁ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይለጠፍ፤ ለተጠየቀው ሁሉ የጽሑፍ መልስ ይሰጥ፤ ይህ ከጥቂት ወራት በላይ አይፈጅም። ሰዓቱም ይታሰብበት፦ በዚያ ሙቀት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚጠራ ስብሰባ የሚያገኘው አበል የሚታሰብለትን ሰው ብቻ ነው፤ ሻጯንና የባጃጅ ነጂውን የፈለገ ግን ካርታውን ይዞ ፀሐይ ሲበርድ ገበያው ዳር ቢቀመጥ ይሻለዋል።