ወንዝ በዘመቻ አይጸዳም

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ ቺካጎ አጠገብ ባለ የመርከብ ቦይ ውስጥ መርዝ ተጨመረ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርዙ ሮቴኖን ይባላል። 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውሃ ነው የተመረዘው። ካርፕ የሚባሉ ከእስያ የመጡ ወራሪ ዓሦች ወደ ታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች እንዳያልፉ ቦዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ አጥር አለ። ያ አጥር ለጥገና መጥፋት ነበረበት። አጥሩ በጠፋበት ሰዓት አንድም ካርፕ እንዳይሾልክ ተብሎ ነው ይህ ሁሉ የተደረገው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓሦች አለቁ። ከዚያ ሁሉ መሃል የተገኘው ተፈላጊ ካርፕ አንድ ብቻ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የገንዘብ ብክነት ምሳሌ አድርጎ ያነሳዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሞተ ዓሣ ብዙ ጊዜ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ስንት ካርፕ እንደሞተ ከላይ በተለቀመው ብቻ አይታወቅም። ባለሙያዎቹም በእጃቸው የነበረውን መሣሪያ ነው የተጠቀሙት። የሚያሳዝነኝ ነገሩ እዚያ እስኪደርስ የተሄደበት መንገድ ነው። ወራሪ ዓሣን የምናስታውሰው አደጋ ሲሆን ነው። ያኔ ገንዘብ ይመደባል፣ ካሜራ ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ግርግር ይሆናል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሌላ ጉዳይ ይዞራል። ዓሣው ግን እዚያው መራባቱን ይቀጥላል።

እነዚህ ካርፖች እንዴት አሜሪካ ገቡ? በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሰዎች ራሳቸው አመጧቸው። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ሣር በሉ ካርፕ የኩሬ አረም እንዲበላ፣ ሌሎቹ ደግሞ በዓሣ እርባታ ኩሬዎችና በፍሳሽ ማጣሪያዎች ውስጥ አልጌ እንዲቀንሱ ነበር የተፈለገው። እንዲያውም ኬሚካል ከመርጨት ይሻላል ተብሎ ነው። ከዚያ ጎርፍ መጣ፣ ኩሬዎቹ ሞሉ፣ ዓሦቹ ወጡ። ሚሲሲፒ ወንዝ ከነገባሮቹ ደግሞ ሰፊ አገር ነው።

በሌሎች ቦታዎችም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ስፔን ውስጥ ኤብሮ ወንዝ ላይ በ1974 ከአውሮፓ ትልቁ የአምባዛ ዝርያ የተለቀቀው ለመንጠቆ አጥማጆች ደስታ ተብሎ ነው። ዛሬ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝሙ አምባዛዎች እዚያ ይያዛሉ። ጋምቡሲያ የምትባለው ትንሽ ዓሣ የወባ ትንኝ እጭ ትበላለች ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተበትናለች፤ በብዙ ቦታ ግን አገሬው ዓሣ ያንኑ ሥራ ይሠራ ነበር። ቤት ውስጥ ዓሣ የሚቀመጥበትን የመስታወት ገንዳ የሚጠርገው ባለ ቅርፊት አምባዛ ደግሞ ሲያድግ ገንዳው ይጠበዋል። ባለቤቱ አዝኖለት አቅራቢያው ባለ ወንዝ ይለቀዋል። ዓሣው እዚያ የወንዙን ዳር እየቦረቦረ ይራባል። ማንም ወንዝ ላበላሽ ብሎ አልተነሳም። ለዚህ ነው ‹‹ጥፋተኛው ማነው?›› የሚለው ጥያቄ ብዙ የማይረዳን።

ዓሣውን መጥላትም አያስኬድም። አሜሪካኖች በኤሌክትሪክ የሚያባርሩት ብርማ ካርፕ ከትውልድ ቦታዎቹ አንዱ የቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ነው። እዚያ ደግሞ ግድቡና ከልክ ያለፈ ማጥመዱ የዱር ካርፖችን ቁጥር ክፉኛ ቀንሶታል። ቻይና በ2021 በያንግትዜ ላይ ለ10 ዓመት የሚቆይ የማጥመድ እገዳ ጥላለች። አንዱ ወንዝ እንዲጠፋለት የሚለምነውን ዓሣ ሌላው ወንዝ እንዲመለስለት ይጠብቃል።

ከሐይቅ ይልቅ ወንዝ ላይ ነገሩ ለምን ይከብዳል? ሐይቅ ቢያንስ ዳር አለው። ወንዝ ይፈሳል፣ ይቀላቀላል፣ ክረምት ሲመጣ ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። የብርማ ካርፕ እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ በሚፈስ ውሃ ተንጠልጥሎ መጓዝ ይፈልጋል። ማለትም ረጅም ወንዝ ለእሱ መንገድም ነው፣ ማዋለጃም ነው። ወንዝ ውስጥ መርዝ ብትጨምር ወደ ታች ይሄድብሃል። መረብ ብትዘረጋ ጎርፍ ይወስደዋል። ግድብ ብትሠራ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ የሚራባውን አገሬውን ዓሣ ትዘጋበታለህ።

ሌላው ችግር አለማየታችን ነው። እምቦጭ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ማንም ያየዋል። ዓሣ ግን ከሥር ነው። አጥማጁ አዲስ ነገር መረቤ ውስጥ ገባ ሲል ያ ዓሣ ብዙ ጊዜ መራባት ከጀመረ ቆይቷል። አሁን አሁን ውሃ ቀድቶ በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ በመመርመር የዓሣ ፍንጭ ማግኘት ተችሏል። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ያ ዲኤንኤ በወፍ ኩስ ወይም በጀልባ ሥር ተጣብቆ የመጣ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ ተብሎ ብቻውን አይያዝም።

ሰው ስለ እነዚህ ካርፖች ሲያወራ የሚያነሳው ዝላያቸውን ነው። የጀልባ ሞተር ሲሰማ ብርማ ካርፕ እስከ ሦስት ሜትር ወደ ላይ ይዘላል፤ ሰውም ይጎዳል። ዋናው ጉዳት ግን ጸጥ ያለው ነው። የሚበሉት ፕላንክተንን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን ነው። ፕላንክተን የአብዛኛው ዓሣ ጫጩት የመጀመሪያ ምግብ ነው። የሚሲሲፒ ገባር በሆነው በኢሊኖይ ወንዝ አንዳንድ ክፍሎች ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ትልቁን ድርሻ የያዙት እነሱ ናቸው። ለሌላው የሚተርፈው ትንሽ ነው።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚነሳ ሐሳብ አለ፤ ‹‹ለምን አንበላቸውም?›› የሚል። ኢሊኖይ ግዛት በ2022 ገዢ እንዲስብ ብሎ ለካርፑ ‹‹ኮፒ›› የሚል የገበያ ስም እስከማውጣት ደርሷል። ሐሳቡን አልንቀውም። የተያዘ ዓሣ ከሚበሰብስ ቢበላ ይሻላል። እንደ ዋና መፍትሔ ሲቀርብ ግን አልስማማም። አጥማጅ ኑሮው ነውና ዓሣ በብዛት ባለበት ነው የሚያጠምደው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ድካሙ አያዋጣውምና ይተዋል። የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ምግብ ስለሚተርፋቸው ቶሎ ይራባሉ። አንዲት ሴት ካርፕ ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። ገበያ ከተፈጠረ በኋላ ዓሣው እንዲጠፋ የማይፈልግ ሰው ይፈጠራል። አንዳንዱም ወደ ሌላ ወንዝ ይወስደዋል።

ማጥመድ የሠራበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። እዚያው ኢሊኖይ ወንዝ ላይ፣ ካርፑ ወደ ሐይቆቹ እየገፋ ባለበት ግንባር፣ ግዛቱ አጥማጆችን በኮንትራት እየከፈለ ያሠራል። በዚያ ክፍል የካርፑ ቁጥር በጣም ቀንሷል። ሚስጥሩ ክፍያው ነው። ዓሣው ቢበዛም ቢያንስም አጥማጁ ይከፈለዋል፤ ስለዚህ ጥቂት የቀሩትንም ያሳድዳል። ገበያ ይህን አያደርግም።

ሙሉ በሙሉ ማጥፋትስ ይቻላል? አንዳንዴ አዎ። ደቡብ አፍሪካ ሴደርበርግ ተራሮች ውስጥ ሮንደጋት የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ለስፖርት ማጥመድ ተብሎ የመጣ ባስ የሚባል አዳኝ ዓሣ የታችኛውን ክፍል ተቆጣጥሮ አገሬዎቹን ትናንሽ ዓሦች ጨርሷቸው ነበር። በ2012 አራት ኪሎ ሜትሩን በሮቴኖን አከሙት፤ በቀጣዩ ዓመትም ደገሙት። ባሱ ጠፋ። አገሬዎቹ ዓሦች ተመልሰው ያንን ክፍል ሞሉት። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ለምን እንደሠራ ልብ በሉ። ከላይ ፏፏቴ አለ፣ ባሱ አልፎት መውጣት አልቻለም። ስለዚህ አገሬዎቹ ዓሦች ከፏፏቴው በላይ በሕይወት ነበሩ፤ ወንዙ ሲጸዳ ራሳቸው ወረዱ። ከታች ደግሞ ባስ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክል አነስተኛ ግድብ አለ። እነዚህ ነገሮች በሌሉበት ትልቅ ወንዝ ላይ ‹‹እናጠፋዋለን›› ብሎ ቃል መግባት ሕዝብን ማታለል ነው።

ታዲያ ማጥፋት ካልተቻለ እጅ መስጠት ነው? ለዚህ ጥያቄ የማውቀው ምርጥ መልስ የላምፕሬይ ታሪክ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሰው ቢያውቀው ብዬ የምመኘውም እሱን ነው።

የባሕር ላምፕሬይ መንጋጋ የሌለው፣ እባብ የሚመስል ዓሣ ነው። በክብ አፉ ሌላ ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደሙን ይመጥጣል። ከኒያጋራ ፏፏቴ በላይ አልነበረም። መርከብ እንዲያልፍ ተብሎ ፏፏቴውን የሚዞር የዌላንድ ቦይ ተቆፈረ። በ1921 ላምፕሬይ ኢሪ ሐይቅ ውስጥ ታየ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ የላይኞቹን ሐይቆች በሙሉ አዳርሶ ነበር። አሜሪካና ካናዳ ከእነዚህ ሐይቆች በዓመት ከ6 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ትራውት የሚባል ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያ ወደ 140 ሺህ ኪሎ ገደማ ወረደ። የአጥማጅ መንደሮች ሥራ ፈቱ።

ሁለቱ አገሮች በስምምነት የታላላቅ ሐይቆች የዓሣ ሀብት ኮሚሽንን አቋቋሙ። ተመራማሪዎች ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ኬሚካሎችን አንድ በአንድ ሞከሩ። በመጨረሻ ቲኤፍኤም የሚባለውን አገኙ። የላምፕሬይን እጭ ይገድላል፤ በትክክለኛው መጠን ከተጨመረ አብዛኞቹን ሌሎች ዓሦች አይጎዳም። የላምፕሬይ ድክመት ያለው ደግሞ ወንዝ ላይ ነው። ሊራባ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ እጮቹም ደለል ውስጥ ተቀብረው ለዓመታት ይቆያሉ። እዚያ ነው የሚያዙት። ከ1958 ጀምሮ ገባሮቹ በየተራ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይታከማሉ። ዛሬ የላምፕሬይ ቁጥር ከድሮው 90 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

አልጠፋም። ይህ ነው ነጥቤ። ስድሳ ዓመት ተሠርቶ አልጠፋም፤ ግን ሐይቁ ዓሣ አለው፣ አጥማጁም ሥራ አለው። ነገሩ እንደ ማሳ አረም ነው፤ ዘንድሮ ነቅያለሁ ብሎ ለከርሞ የሚተው ገበሬ የለም። በ2020 እና በ2021 በኮሮና ምክንያት ቡድኖቹ እንደ ልባቸው መንቀሳቀስ አልቻሉም። ብዙ ወንዞች ሳይታከሙ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የላምፕሬይ ቁጥር መልሶ አሻቀበ። ሁለት ዓመት ብቻ በቃው። በጀት ሲቆረጥ ‹‹ችግሩ እኮ ቀንሷል›› የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት እወዳለሁ። የቀነሰው ሥራው ስላልቆመ ነው።

ግድብን በተመለከተ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። በብዙ አገር ያረጁ ግድቦች እየፈረሱ ነው፤ ዓሣ እንዲያልፍ። እኔም ደግፌዋለሁ። ነገር ግን አንዳንዱ አሮጌ ግድብ ላምፕሬይን አግዶ የያዘ ብቸኛው ነገር ነው። ሚቺጋን ግዛት ትራቨርስ ሲቲ ላይ የሚፈለገውን ዓሣ አሳልፎ ወራሪውን የሚያስቀር መተላለፊያ እየተሠራ ነው። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሁለቱም ዓሦች በአንድ ውሃ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወቅት ነው የሚመጡት። ያም ሆኖ ግድብ ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ክርክር ይህን ጥያቄ ሳይመልስ መዘጋት የለበትም።

አውስትራሊያ ደግሞ ሌላ መንገድ አስባለች። በመሪ–ዳርሊንግ ተፋሰስ አንዳንድ ቦታዎች ከዓሣው ክብደት ከ80 በመቶ በላይ ካርፕ ነው (ከአሜሪካው ብርማ ካርፕ የተለየ ዝርያ)። መንግሥት በ2016 ካርፕን ብቻ የሚገድል የሄርፒስ ቫይረስ መልቀቅ ይቻል እንደሆነ እንዲጠና 15 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበ። ብዙዎች በመዘግየቱ ይማረራሉ። እኔ ግን ጥንቃቄውን አከብራለሁ። ያ ሁሉ ካርፕ በአንድ ጊዜ ቢሞት ሬሳው ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ልናድነው ያልነው ዓሣም አብሮ ይሞታል። ከቫይረሱ የሚተርፉት ካርፖች ደግሞ የሚቋቋሙት ናቸው፤ መልሰው የሚራቡትም እነሱ ናቸው። የማልወደው ቫይረሱን እየጠበቁ ሌላውን ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። እዚያው አገር ካርፕ የመዝለል ልማዱን በመጠቀም እሱን ለይቶ የሚይዝ ወጥመድ ተሠርቷል። አገሬው ዓሣ ስለማይዘል በሌላ በኩል ተለቆ ያልፋል። ይህ በየቀኑ፣ በየወንዙ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ዜና ስለማይሆን ግን ገንዘብ አያገኝም።

ገንዘብ ካነሳን፣ ኢሊኖይ ውስጥ ብራንደን ሮድ በሚባለው የመርከብ መተላለፊያ ላይ ካርፑን በኤሌክትሪክ፣ በድምፅና በአየር አረፋ ለማገድ የታቀደው ሥራ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የተገመተው። ሊሠራ ይገባል ባይ ነኝ፤ ሐይቆቹ ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ኖሮ ግን በ1970ዎቹ ኩሬዎቹን ከጎርፍ ማራቅ ይበቃ ነበር።

ያ ስህተት ዛሬም እየተደገመ ነው። የናይል ቆሮሶ ለእርባታ ስለሚመች በብዙ አገር ተሠራጭቷል። ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ እንደ ሊምፖፖ ባሉ ወንዞች አምልጦ ከአገሬው የሞዛምቢክ ቆሮሶ ጋር እየተዳቀለ ነው። የተዳቀለን ዓሣ በምንም መረብ ለይተህ አታወጣውም። የዓሣ እርባታን አልቃወምም፤ ሰው ይብላ፣ ይሥራ። ግን ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሳይፈርም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህ ኩሬ በትልቅ ጎርፍ ውሃ ይገባዋል ወይ? አገር ውስጥ ያለ ዝርያ ለምን አልተመረጠም? ዓሣው ቢያመልጥ ለክትትሉ የሚከፍለው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ማመልከቻ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ፈቃድ የሚያገኝም ጫጩት ወደ ኩሬው ሳያስገባ የክትትሉን ገንዘብ አስቀድሞ ያስይዝ።