ወደ ሐይቅ የሄደ ሰው በምን ይመለስ?

ከደሴ ተነስቶ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከአስፋልቱ ወረድ ሲል ሐይቁን ያገኛል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ ከዚህ የተሻለ ቅርብ የዕረፍት ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከደሴ ብርድ ለወጣ ሰው አየሩ ይስማማል፣ ከውኃው የወጣ ቆሮሶ ይበላል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስሙ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። (ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ፣ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው።) ይህን ሁሉ እያወቁ ቤተሰብ ይዘው ለመሄድ የሚያመነቱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ የሚያሳስባቸውም የማታ መመለሻ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ሄጄ ነበር። ጠዋት ከደሴ መናኸሪያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ወዲያው ሞልቶ ወጣ። ወደ ማታ፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ ለመመለስ የገባንበት መኪና ግን አራት ሰው ብቻ ይዞ ቆመ። ረዳቱ በር ላይ ሆኖ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ሲጣራ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ የጨለመውን መንገድ በመስኮት ታይ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን በመጨረሻ የባዶዎቹን ወንበሮች ሂሳብ ተካፍለን፣ በኮንትራት መጣን። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሐይቅ እንሂድ ስላት «መመለሻው ይታወቃል?» ትለኛለች።

በሾፌሩ አልፈርድም፤ በአራት ሰው ሂሳብ ነዳጁ አይሸፈንም። ችግሩ «ሲሞላ ይወጣል» የሚለው አሠራር ለገበያተኛ ቢሆንም ለሽርሽር የማይሆን መሆኑ ነው። ገበያተኛ ጠዋት ከሌላው ጋር ወጥቶ ከሌላው ጋር ይመለሳል፤ ለዕረፍት የሄደ ሰው ግን ልጆቹ ሲደክሙ ወይም ዝናብ ሲመጣ ነው የሚነሳው።

ከሩቅ የሚመጣውማ ድካሙ ይብሳል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ ጣርማበርን፣ ሸዋሮቢትንና ከሚሴን አልፎ የመጣ፣ ወይም በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ያረፈ እንግዳ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ሲገባ እንደገና ሌላ መኪና መፈለግ አለበት።

ስለዚህ የትራንስፖርት ማኅበራቱና የከተሞቹ አስተዳደሮች ተነጋግረው፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ቢያንስ ሁለት ሚኒባሶች ሞሉም አልሞሉም በተቆረጠ ሰዓት እንዲወጡ ቢያደርጉ እላለሁ። የመጨረሻው ከሐይቅ መናኸሪያ በ12 ሰዓት ይነሳ፤ ሰዓቱም በሁለቱም መናኸሪያዎች በጉልህ ይለጠፍ። ለነዚህ ጉዞዎች ታሪፉ ከፍ ቢል ተሳፋሪው የሚከፋው አይመስለኝም፤ ኮንትራቱ የሚያስወጣውን ያውቃልና። ለሙከራ እስከ ፋሲካ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ይበቃሉ።