ኮልጌት ጭረት አያጠፋም

«የመኪና መስታወት ከተጫረ ኮልጌት ቀብተህ ፈትገው፣ ይጠፋል» ላልከው ወንድማችን፦ ለመርዳት ብለህ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ጅማ ውስጥ ይህን ምክር ያልሰማ ባለመኪና ያለም አይመስለኝ።

ኮልጌት ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ጥርስ እንዳይጎዳ ተብሎ የተመረጠ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባበት ካልሲየም ካርቦኔት በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 አካባቢ ነው፤ መስታወት 5.5 ገደማ። ለስላሳው ጠንካራውን አይፍቅም። ታዲያ «ሞክሬው ጠራልኝ» የሚሉትስ? የጠራው ላዩ ላይ የተጋገረው ቅባትና ጭስ ነው እንጂ ጭረቱማ እዚያው አለ። ለቅባቱ አቼቶ በውሃ ቀላቅለህ በንጹህ ጨርቅ ብትወለውል ይበቃሃል።

መስታወቱን አጥበህ አድርቅና ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አሳልፍ። ያዝ ካደረገህ እቤት የሚሠራ ነገር የለም፣ አትድከም። ካልያዘህ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል የመስታወት መወልወያ ዱቄት አለ። በውሃ ለውሰህ፣ እንዳይግል ውሃ እየጨመርክ፣ ቀስ ብለህ ታሸዋለህ። ሾፌሩ ፊት ለፊት ግን ተጠንቀቅ። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ካሸኸው ይሰረጉድና መንገዱን ያወላግድብሃል፤ ማታማ ከፊት መብራት ሲመጣ ጉድ ነው።

ጭረቱን የሚያመጣው ደግሞ ያው አቧራችን ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በዚያው የጥንካሬ መለኪያ 7 ስለሆነ መስታወትን ይፍቃል። በበጋ ከገጠር ወደ ጅማ ስትመለስ ዝናብ መጥረጊያውን በደረቁ አታስነሳው። መጀመሪያ ውሃ ርጭበት፤ የመጥረጊያውንም ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።