ሁቨር ግድብ ከሄዱ አይቀር ወደ ውስጥ ይግቡ

ላስ ቬጋስ የሚመጣ ሐበሻ፣ ከዲሲም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ «ግድቡን አይተሃል?» መባሉ አይቀርም። ዘመድ ካለው በዘመድ መኪና ይወሰዳል። ግድቡ አናት ላይ ፎቶ ይነሳል፣ «የኛው ይበልጣል» ይባላል፣ ወደ ከተማ ይመለሳል። ዘመድ የሌለው ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ሰው በሚይዝ ቫን ከሚያስጎበኙት ድርጅቶች ለአንዱ ይከፍላል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ እሱም ከፍሎ የሚያገኘው ያንኑ ፎቶ መሆኑ ነው።

አስጎብኚ ቀጥሮ መሄድ ዋጋ የሚያወጣው ግድቡ ውስጥ የሚያስገባ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ የዘመድ መኪና ይበቃል፤ መንገዱ ከቬጋስ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከ45 ደቂቃ ብዙም አይፈጅም።

ከላይ ሲታይ ሁቨር ግድብ አንድ መንገድ ነው። አናቱ 14 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በአንድ በኩል ሐይቅ፣ በሌላው ገደል። እግሩ ሥር ግን ውፍረቱ 201 ሜትር ይደርሳል፣ ይህንን ደግሞ ከአናቱ ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም። 221 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ፣ የውሃውን ግፊት ግማሹን በክብደቱ ግማሹን በቅስቱ ተሸክሞ ወደ ግራና ቀኝ ገደሉ አለት እንዴት እንደሚያስተላልፍ የሚገባው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ላየ ሰው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ስለ ትኬቱ ማወቅ ይገባል። ግድቡን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ሀብት ቢሮ ሦስት ዓይነት መግቢያ ይሸጣል። የመጀመሪያው የጎብኚዎች ማዕከሉን ብቻ የሚያሳይ ሲሆን 10 ዶላር ነው፤ ኤግዚቢሽንና እይታ እንጂ ወደ ታች መውረድ የለውም። ሁለተኛው የኃይል ማመንጫውን የሚያስጎበኝ የ15 ዶላር ትኬት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ አስቀድሞም ሊገዛ ይችላል። ሦስተኛው የ30 ዶላሩ፣ ኃይል ማመንጫውን ጨምሮ በግድቡ ሆድ ውስጥ ባሉት የፍተሻ መተላለፊያዎች (መሐንዲሶች ግድቡን በሚመረምሩባቸው) የሚያሳልፈው ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በአንድ ዙር የሚገባው 20 ሰው ብቻ ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚከለስ ከመሄድ በፊት ማየት አይከፋም፤ የሦስቱ ልዩነት ግን ያው ነው።

የብዙ ሰው ጉብኝት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ትኬት የሚሸጠው እዚያው ቦታው ላይ፣ በዕለቱ፣ ቀድሞ ለደረሰ ነው። አስጎብኚ ድርጅቱ በማስታወቂያው «የግድቡን ውስጥ ያያሉ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። መዋሸቱ አይደለም፣ ኃይል ማመንጫውም ውስጥ ነውና። ግን ደንበኛው የጠበቀው ሌላ ነው። ስልክ ደውሎ «የትኛው ትኬት ነው የተካተተው? የግድቡ ነው ወይስ የኃይል ማመንጫው? የግድቡ ካለቀ ልዩነቱን ትመልሳላችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማስላክ ይገባል። ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ድርጅት አናቱ ላይ አድርሶ የሚመልስ ነው ብሎ መገመት ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሰዓት ነው። ማዕከሉ የሚከፈተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ነው። ድርጅቶቹ ግን የሚነግሩት ከሆቴል የሚነሱበትን ሰዓት እንጂ ግድቡ ጋ የሚደርሱበትን አይደለም። በሁለቱ መካከል ቫኑ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ሰው ይሰበስባል። የቬጋስ ሆቴሎች የመኪና መጫኛ ቦታቸው ብዙውን ጊዜ ከዋናው በር ሳይሆን ከጀርባ ወይም ከፓርኪንጉ ሥር ነው። አንድ ባልና ሚስት በተሳሳተ በር ቆመው ሲጠብቁ ሌላው ቫን ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ ግድቡ መግቢያ ላይ የመኪና ፍተሻ ሰልፍ አለ። በበዓል ሰሞን ከጠዋቱ 5 ሰዓት (በፈረንጅ 11) ላይ የደረሰ ቡድን የ30 ዶላሩን ትኬት ማግኘቱ ያጠራጥራል። ትንሽ ቫን ከትልቅ አውቶቡስ የሚሻለው ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው፦ አምስት ሆቴል እንጂ አሥራ አምስት አይዞርም፣ ሃምሳ ሰውም ከሽንት ቤት እስኪመለስ አይጠብቅም። ከተቻለ መጨረሻ ከሚጫኑት ሆቴሎች በአንዱ መሳፈር ነው።

ግድቡ የኔቫዳና የአሪዞና ክፍለ ግዛቶች ድንበር ላይ ነው። በራሱ መኪና ለሚሄድ፣ በኔቫዳ (በቬጋስ) በኩል ያለው ባለ ፎቅ ፓርኪንግ 10 ዶላር ያስከፍላል፤ ግድቡን ተሻግሮ በአሪዞና በኩል ራቅ ብለው ነጻ ቦታዎች አሉ፣ በበጋ ግን ያቺ የእግር መንገድ ቀልድ አይደለችም። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፣ ኮንክሪቱ ደግሞ ከሥርም ይመልሰዋል።

የጦር መሣሪያ ግቢው ውስጥ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ኔቫዳ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የያዘም ቢሆን። ድሮን ማስነሳት ክልክል ነው። ትልቅ ቦርሳ ወደ ጉብኝቱ አያስገቡም፣ ቫኑ ውስጥ ጥሎ መግባት ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባትን ይዞ ለሚሄድ ደግሞ ይህ ይታወቅ፦ የኃይል ማመንጫው ጉብኝት ለዊልቸር ይመቻል፣ የግድቡ ውስጥ ግን አይመችም፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ጭንቅ የሚላቸው፣ እንዲሁም ልባቸው ላይ ፔስሜከር የተገጠመላቸው ሰዎች እንዳይገቡ ይመከራል። ጾም ከሆነ «ምሳ ይካተታል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ሥጋና አይብ ያለበት ሳንድዊች ማለት ስለሆነ ከአንድ ቀን በፊት መናገር ያስፈልጋል፤ ቫን ውስጥ ከተሳፈሩ በኋላ ምንም አይገኝም።

ወደ ውስጥ ሲገባ አሳንሰሩ 160 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ አለት ይወርዳል። ከአሳንሰሩ ወጥቶ 76 ሜትር ገደማ የሚረዝም ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ አለ። ጫፉ ላይ መድረክ ይገኛል። ከመድረኩ ሥር የተኛው ውሃውን ወደ ተርባይኖቹ የሚወስድ 9 ሜትር ወርድ ያለው የብረት አሸንዳ ነው፤ ውሃው አይታይም፣ እግር ግን ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። አሸንዳው የተኛበት ዋሻ ራሱ መጀመሪያ የተቆፈረው ለሌላ ሥራ ነበር። ግንባታው ሲጀመር ኮሎራዶ ወንዝን ከመንገዱ አስወጥቶ መሬቱን ለማድረቅ፣ በየገደሉ ሁለት ሁለት ሆነው አራት ዋሻዎች ተቆፈሩ። ወንዙ በእነሱ ሲያልፍ ግድቡ በደረቅ ላይ ተሠራ፣ ከዚያ ዋሻዎቹ ለአሸንዳና ለጎርፍ ማስተንፈሻ ዋሉ። ከመድረኩ ቀጥሎ በኔቫዳ በኩል ያሉት ስምንት ጄኔሬተሮች በተርታ ይታያሉ። በአሪዞና በኩል ዘጠኝ አሉ፤ በድምሩ 17ቱ 2,080 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው።

የ30 ዶላሩ ትኬት ከዚህ በላይ የሚጨምረው ግድቡን ራሱን ነው። በፍተሻ መተላለፊያው ተሂዶ አንድ ጠባብ የአየር መውጫ ጋ ይደረሳል። ፍርግርጉ በግድቡ ፊት ላይ ይከፈታል። ጎንበስ ብሎ ሲመለከቱ ወንዙ ከታች፣ አውራ ጎዳናው የሚያልፍበት ድልድይ ከላይ፣ ዙሪያው በሙሉ በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተሞላ ኮንክሪት። ለዚህች እይታ ብቻ ተጨማሪው 15 ዶላር አይቆጭም።

ውስጥ የሚመሩት የግድቡ የራሱ አስጎብኚዎች ናቸው፤ የቫኑ ሰው እዚያ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ የቫኑ አስጎብኚ ብቃቱ የሚለካው በመንገድ ላይ በሚናገረው ነው። መለኪያ የሚሆን አንድ ጥያቄ አለ፦ «እውነት ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩ ሠራተኞች አሉ?» ቀልድ እየጨመረ «አዎ ይባላል» የሚል አስጎብኚ ሥራውን አያውቅም። ግድቡ እንደ አንድ ድንጋይ በአንድ ጊዜ አልተሞላም። ጎን ለጎን በቆሙ አምዶች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ አምድ በአንድ ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ እያለ ነው የተሠራው። አንድ ባልዲ ኮንክሪት ሲደፋ የአምዱ ወለል ከፍ የሚለው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ሰው ሊሰጥም አይችልም፤ አስከሬን ቢቀር ደግሞ ባዶ ቦታ ስለሚፈጥር መሐንዲስ አይተወውም። አምድ አምዱን የመሥራቱ ምክንያት ሙቀት ነው። ሲሚንቶ ሲጠጥር ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በአንድ ጊዜ ቢሞላ ኖሮ ለመቀዝቀዝ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ 930 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጡ ተዘርግቶ ቀዝቃዛ ውሃ ተለቀቀበት፣ ከዚያ ቱቦውም በሲሚንቶ ተደፈነ።

በጉብኝት የማይነገረው ደግሞ ሌላ ነው። ይፋዊው የሟቾች ቁጥር 96 ነው። በዋሻው ቁፋሮ ጊዜ በመኪና ጭስ ታፍነው የታመሙና «የሳንባ ምች» ተብለው የተመዘገቡ ሠራተኞች ጉዳይ ግን ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው፤ በጊዜው ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1934 ከ5,000 በላይ ሰው ሲሠራ ጥቁር ሠራተኞቹ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ለሠራተኞች ተብላ በተገነባችው ቦልደር ሲቲ ውስጥም መኖር አልተፈቀደላቸውም፤ ከላስ ቬጋስ እየተመላለሱ ነበር የሚሠሩት። ቫኑ ምሳ የሚያበላው በዚችው ከተማ ነው፣ ከተማዋ ዛሬም ቁማር አይፈቀድባትም። አስጎብኚው ስለ ቁማሩ ይነግራችኋል፤ ስለሌላው እናንተ ጠይቁት።

ሐይቁ ዳር ቆም ብሎ ገደሉ ላይ ያለውን ነጭ ቀለበት ማየት ይገባል። ውሃው ሲሞላ የሚደርስበት ከፍታ ነው፤ ሲሸሽ ማዕድኑን ትቶ ይሄዳል። በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ውሃው ከሙሉ ከፍታው ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። የጎርፍ ማስተንፈሻዎቹ ውሃ ያለፈባቸው በ1941 ለሙከራ እና በ1983 በጎርፍ ምክንያት ብቻ ነው። ሐይቁ ሲወርድ ተርባይኑን የሚገፋው ውሃ ጉልበቱ ስለሚቀንስ 2,080 ሜጋዋት የሚባለው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ድልድዩ በእግር ነው የሚታየው። በ2010 የተከፈተው ድልድይ ከወንዙ 270 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ግን ግድቡ አይታይም፣ የጎን ግንቡ ይሸፍነዋል። ከፓርኪንጉ ወጥቶ በእግረኛ መንገዱ መሄድ ነው፣ ባርኔጣን አጥብቆ። መሄድ ያለበት ጠዋት፣ ትኬት ከተያዘ በኋላ ነው፤ ትኬት ሳይዙ ድልድይ ላይ አርባ ደቂቃ የሚያጠፋ አስጎብኚ ቡድኑን ከግድቡ ውስጥ አስቀርቶታል።

«የኛው ይበልጣል» የሚለው ትክክል ነው፣ ግን በሁሉም አይደለም። የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ሁቨር 379 ሜትር ብቻ ይረዝማል፣ ሐይቁም ሲሞላ የእኛን ግማሽ ያህል ነው። በቁመት ግን 145 ለ221 ነው። የሥራ ዘዴውም ይለያል። የእኛው በክብደቱ የሚቆም፣ ኮንክሪቱ በስስ ንጣፍ ተዘርግቶ በሮለር የተዳመጠ ነው። ሁለቱን በደንብ ያየ ኢትዮጵያዊ ስለ ሁለቱም የሚናገረው ይኖረዋል።

ጉባ ላይም ጉብኝት ሲደራጅ ከሁቨር የሚወሰደው ይህ ነው፦ ባለሥልጣንና የልዑካን ቡድን ብቻ ሳይሆን ቦንድ የገዛ ተራ ሰው ሃያ ሃያ ሆኖ፣ በግድቡ የራሱ አስጎብኚ ተመርቶ፣ ተርባይኑ ጋ የሚያደርሰው ትኬት በታወቀ ዋጋ ይግዛ። ደህንነት አይፈቅድም የሚለው መልስ ብቻውን አያሳምንም። ሁቨር ጉብኝት የጀመረው በ1937 ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዘጋ፣ በ1945 ተከፈተ። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላም እንደገና ተቋርጦ፣ ፍተሻው ተጠናክሮ፣ የሚታየው ክፍል ተቀንሶ ተከፈተ። ከባድ መኪኖች ከአናቱ ተከለከሉ፣ በኋላም አውራ ጎዳናው ወደ ድልድዩ ዞረ። ጎብኚው ግን ዛሬም በአሳንሰሩ ይወርዳል።