ቦታ ይዘው ለቀሩት ክቡር ሰው ከጆሹዋ ትሪ በረሃ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ጃምቦ ሮክስ ካምፕ ላይ ቦታ ይዘው ላልመጡት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላልመጡ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድንኳናችን ብቻ ትንሽ ታማለች፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አያውቁኝም። እኔም የማውቅዎ በወረቀት ብቻ ነው። ቦታዎ ላይ የቆመው ምሰሶ ላይ ስምዎን የያዘች ወረቀት ተሰክታለች። ስምዎን ፀሐይ ግማሹን በልቶታል፣ «ከዓርብ እስከ ሰኞ» የሚለው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ሦስት ሌሊት ሙሉ ስለ እርስዎ ስናወራ ነው ያደርነው። ወላጅ እናትዎ እንኳ ያን ያህል ያነሱዎት አይመስለኝም።

ነገሩ የጀመረው መስከረም 17 ነው። የመስቀል ዕለት። ሰው የደመራውን አመድ ግንባሩ ላይ ሊቀባ ሲሄድ እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ቤቴ፣ ላፕቶፕ ፊት ተገትሬያለሁ። ለምን መሰለዎት? የጆሹዋ ትሪ ፓርክ የካምፕ ቦታ በኢንተርኔት መያዝ የሚቻለው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው። እኛ የፈለግነው ደግሞ ማርች 27ን፣ ማለትም መጋቢት 18ን ነበር። ስድስት ወር ወደኋላ ሲቆጠር ልክ መስቀል ላይ ያርፋል። የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እኔ በላፕቶፕ፣ ባለቤቴ በስልኳ፣ የአክስቴ ልጅ በሌላ ስልክ፣ ሦስታችንም ጣታችንን አስቀምጠን ሰዓቱን እንቆጥራለን። ቡናው እሳት ላይ ገነፈለ፤ ማንም አልተነሳም።

1 ሰዓት ሆነ። ተጫንን። ገጹ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሲመለስ ሰንጠረዡ በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ተሞልቷል። «ሪዘርቭድ» ለማለት የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ነው የሚጽፏት። ይቺ ፊደል ስትጠራ በእኛ ቋንቋ ምን እንደምትሆን ጨዋ ስለሆንኩ አልተረጉምልዎትም። ብቻ ያን ጠዋት ከላይ እስከ ታች እሷው ነበረች።

ከእነዚያ ፊደሎች አንዷ የእርስዎ ነበረች ማለት ነው። ጣትዎ እንዴት ፈጣን ነው ጃል! እግርዎም እንደዚያ ቢፈጥን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ምናልባት ያን ቦታ ሲይዙ ምን እንደያዙ አላወቁት ይሆናል፤ ልንገርዎት። ጆሹዋ ትሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞሃቪና ኮሎራዶ የሚባሉት ሁለት በረሃዎች የሚገናኙበት ፓርክ ነው። ከ1936 ጀምሮ የተጠበቀ ሥፍራ ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ግን በ1994 ነው። ስሙ ሲመለስ «የኢያሱ ዛፍ» ነው፣ እሱም ቢሆን በትክክል ዛፍ አይደለም፣ የዩካ ዘር ነው፣ እጁን ዘርግቶ የሚማጸን የሚመስል። ድንጋዩን የወለደው ከመሬት ሥር የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት ነው፣ ዕድሜው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል፣ ሸካራነቱ የጣት ቆዳ ይልጣል። ከ8,000 በላይ አለት መውጫ መስመሮች አሉት። አለት የሚወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ሠርግ ቤት እንደገባ ልጅ ነው የሚሆነው፣ የቱን አንስቶ የቱን እንደሚተው ግራ ይገባዋል።

ችግሩ ወቅቱ ነው። በጋው ያቃጥላል፣ ክረምቱ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ፀደይ ላይ ግን ቀኑ 29 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊቱ 10 ገደማ ነው። አበባው ይፈካል። ስለዚህ ሁሉም ሰው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመጣል። በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ የሚመጣበት ፓርክ ነው፣ ያለው የካምፕ ቦታ ደግሞ 500 ያህል ብቻ። ስሌቱን ለእርስዎ ትቻለሁ። ስሌት ይችላሉ፤ ስድስት ወር ወደኋላ ቆጥረው የለ!

አዲስ አበባ እያለሁ የዘይትና የስኳር ሰልፍ በድንጋይ ይያዝ ነበር። ሌሊት አንዱ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ጄሪካን፣ ሌላው የተቀደደ ጫማ። ጠዋት ሲነጋ ድንጋዮቹ ተሰልፈው ያድራሉ፣ ከዚያ ባለቤቶቹ እየተሯሯጡ ይመጡና «ይቺ የኔ ናት» ይላሉ። ይጣላሉ። ይገፋፋሉ። ግን ይመጣሉ! እኔ በሕይወቴ ድንጋዩን አሰልፎ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም። በዚህ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

ተስፋ አልቆረጥንም። ሂደን ቫሊ የሚባለው ካምፕ በቅድሚያ አይያዝም፤ 44 ቦታ አለው፣ ቀድሞ የደረሰ ይገባል። የአለት ወጪዎች መንደር ነው፤ ከድንኳንህ ወጥተህ አሥር እርምጃ ሄደህ ገመድ የምታስርበት። ዓርብ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ጾም ስለነበር ስንቁ ሁሉ የጾም ነው፦ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። (በነገራችን ላይ፣ ሰዎች እዚህ አገር አንዷን ኃይል ሰጪ ብስኩት በሦስት ዶላር ገዝተው ይበላሉ። በሶ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አልነገራቸውም። በውኃ በጥብጠህ በስኳር ጠጥተህ አለት ላይ ስትወጣ ቀኑን ሙሉ አይርብህም።) ውኃም 40 ሊትር ጭነናል፣ ሂደን ቫሊም ሆነ ጃምቦ ሮክስ ቧንቧ የለም። ስልክም አብዛኛው የፓርኩ ክፍል ላይ አይሠራም።

ስልኩ ከመቋረጡ በፊት ለእናቴ ደወልኩ።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«ድንጋይ ልንወጣ፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ የሄድከው ድንጋይ ልትወጣ ነው? እዚህ ድንጋይ ጠፍቶ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ልጅ ነኝ። እዚያ ዛሬም ድረስ በገመድ ነው የሚወጣው፣ አቡነ አረጋዊም ቢሆኑ ዘንዶ ተሸክሟቸው እንደወጡ ነው የሚነገረው። ግን ልብ ይበሉ፣ ዘንዶው ቀጠሮ አክብሮ መጥቷል።

ሂደን ቫሊ ስንደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ያሳፍራል፣ ግን እነግርዎታለሁ። በመኪና ቀስ ብለን ዞርን። ካምፑ ውስጥ እንደ አሞራ። ከፊታችንም ከኋላችንም እንደኛው የሚዞሩ መኪኖች አሉ። አንዷ ሴትዮ ሲኒ ስታጥብ አይተን ሦስት መኪና ባንዴ ቆመ። «ልትሄዱ ነው?» ሴትዮዋ ሳቀች። «ቁርስ በልተን ነው» አለች። የአክስቴ ልጅ መስኮቱን ዘግቶ «ለቅሶ ቤት ወንበር የምንጠብቅ ነው የምንመስለው» አለኝ።

እሺ፣ ቢያንስ ጃምቦ ሮክስ ሄደን የሰረዘ ሰው ካለ እንይ አልን። የካምፑ አስተናጋጅ ሽማግሌ ናቸው፣ ደግ ሰው። የሰረዘ የለም አሉን። ግን አንድ ቦታ ላይ ሰው አልገባም። እርስዎ።

ቦታዎን ላሳይዎት፣ ምናልባት አላዩትም ይሆናል። ከኋላው ትልቅ ዝሆን የተኛ የሚመስል አለት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው በትክክል ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ከነፋስ ይከልላል። የብረት እሳት ማንደጃው ተጠርጎ ንጹሕ ነው። አንዲት እንሽላሊት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሆና እንደ ወታደር ከፍ ዝቅ ትላለች። መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ቁራ ተቀምጧል፣ ወፍራም፣ ቤቱ እንደሆነ ሁሉ። ባለቤቴ እሱን ስታይ እስኪያስላት ሳቀች። በእኛ አገር ሄዶ የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል፤ ኖኅ ልኮት ሳይመለስ ስለቀረ። ለካ እዚህ ነው ያለው! እርስዎን ወክሎ ተቀምጧል።

«እዚህ ብናድርስ?» አልኳቸው አስተናጋጁን።

«ሊመጡ ይችላሉ» አሉ።

ሊመጡ ይችላሉ! ይቺን ቃል ሦስት ቀን ነው የኖርንባት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጠበቅን። ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን አቁሟል፣ በስሙ በተጠራው ምድር ግን አንድም ደቂቃ አልታዘዘችልንም። ጨለመ። እርስዎ የሉም።

ከፓርኩ ውጭ፣ ክፍት የመንግሥት መሬት ላይ ሄደን አደርን። ጠፍጣፋ ነው። ነፋስ የሚከልል አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም። የፀደይ ነፋስ እዚያ በረሃ ምን እንደሆነ ልነግርዎት አልችልም። ሽሮው የጋዝ ምድጃው ላይ ነበር፤ እሳቱ በጎን በኩል እየሸሸ ማሰሮውን አይነካውም። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሲፈላ አንድ ትልቅ ነፋስ መጣና ክዳኑን አንስቶ በምትኩ አሸዋ ጨመረበት። በላነው። በጥርሳችን መሐል ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የድንኳኗ አንድ ምሰሶ ተሰበረ፣ እኔም እስኪነጋ ጨርቁን በእጄ ደግፌ ተቀመጥኩ። ለአራት ሰዓት። እና እዚያ ጨለማ ውስጥ የማስበው ነገር ምን ነበር? ያ ዝሆን የመሰለ አለት። ቁራው ከነፋስ ተከልሎ ተኝቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ሂደን ቫሊ ላይ የፓርኩ ጠባቂዎች ለአለት ወጪዎች ቡና ያፈላሉ፣ ኩባያህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ትጨዋወታለህ። ጥሩ ነገር ነው። ቡናው ራሱ… ተዉት፣ ሰው በነፃ ሲሰጥህ አይወቀስም። እዚያ ቆመን አንዳንድ አለቶች ለፀደይ ዝግ እንደሆኑ ሰማን። ጭልፊትና ንስር ጎጆ ስለሚሠሩ ነው። ይገርምዎታል፣ እነሱም ቦታ ይዘዋል። ልዩነቱ መምጣታቸው ነው።

አንድ መስመር ወጥተናል፣ «ደብል ክሮስ» የምትባል። በአለት ወጪዎች የክብደት መለኪያ 5.7 ገደማ ናት፣ ለለመደ ቀላል፣ ለእኛ አይደለችም። ቀጥ ያለች ስንጥቅ ናት፤ እጅህን ታስገባና በቡጢ ትቆልፋለህ። ሰልፏ አንድ ሰዓት ከግማሽ ፈጀ። ስሟ ቃል በቃል «ድርብ መስቀል» ነው። በእንግሊዝኛ አነጋገር ግን አታልሎ መክዳት ማለት ነው። በመስቀል ዕለት ጀምሬ ድርብ መስቀል ላይ ስንጠለጠል ማንን እንዳስታወስኩ ይገምቱ።

ወደ መኪናችን ስንመለስ አንድ ጠባቂ ሞተር ሳናስነሳ ሥሩን እንድናይ ነገረን። የበረሃ ኤሊ ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ ከደነገጠ ያጠራቀመውን ውኃ ሽንቱን ለቅቆ ያጣዋል፣ ያ ደግሞ ሊገድለው ይችላል። ጎንበስ ብለን አየን። ኤሊ የለም። የአክስቴ ልጅ ግን ከመኪናው ሥር አንገቱን አውጥቶ «እሱም የለም» አለ። እርስዎን ነው ያለው።

እሑድም በቦታዎ አለፍን። ወረቀቷ አለች። ቁራው አለ።

ያልመጡበትን ምክንያት ስናሰላስል ነው መንገዱን የጨረስነው። ታመው ከሆነ እግዚአብሔር ይማርዎ፣ ይህን ደብዳቤ ይቅደዱት። ግን ሦስቱንም ቀን? አንድም ስረዛ ሳይኖር? ባለቤቴ «ለማንኛውም ብሎ ይዞ የረሳ ነው» ባይ ናት። እኔም እሷ ጋ ነኝ። ሦስት ቅዳሜና እሑድ፣ ሦስት ቦታ ይያዛል፣ የአየር ትንበያው የተሻለው ይመረጣል፣ ሁለቱ ይረሳሉ። መሰረዝ 10 ዶላር ያስከፍላል፤ ለ10 ዶላር ማን ስልኩን ያነሳል? ነፋስ ፈርተው ከሆነም አልፈርድብዎትም፤ ነፋሱን እኔ አይቼዋለሁ። ግን አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ እንደሚባለው፣ በግልጽ «አልመጣም» ቢሉ ምን ነበረበት? ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ያቺ ፈጣን ጣት እኮ አለች።

እንግዲህ በድጋሚ አመሰግናለሁ። ስለ እርስዎ ባናወራ ኖሮ ያን ሌሊት በብርድ ምን እናወራ ነበር?

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ እንዳይታዘቡኝ። ለሚቀጥለው ጥቅምት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይዣለሁ። ለማንኛውም ብዬ ነው፤ የባለቤቴ ሥራ ገና አልታወቀም። አንዱን ነገ እሰርዘዋለሁ።

ከሠላምታ ጋር
በነፋስ የተገረፈው

ግልባጭ፦
ለቁራው
ለካምፑ አስተናጋጅ ሽማግሌ
ለእናቴ (ድንጋዩን ወጥተነዋል፣ እማዬ)